መልእክቱ ሰፈሩን እንዳይለቅ፦ የልብ ሴልን በጀላቲን ትሪ

ማክሰኞ

የሳይንስ ክበቡ ልጆች ዘንድሮ የሚሠሩት ነገር ተወሰነ። በአንድ የልብ ጡንቻ ሴል ውስጥ የኬሚካል መልእክት እንዴት በቦታው እንደሚቆይ በዓይን የሚያሳይ ነገር እንሠራለን። የፕላስቲክ ልብ ወይም የግድግዳ ሥዕል አይበቃንም። ሲንቀሳቀስ ማየት አለብን።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ሰሌዳው ላይ የተለመደውን ሰንሰለት ጽፌ ነበር። አድሬናሊን ከሴሉ ውጭ ያለውን ተቀባይ ይነካል። ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይመረታል። እሱ ፒኬኤ የተባለውን ኤንዛይም ይቀሰቅሳል። ልብ በኃይል ይመታል። ልጁ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሌላው የሰውነት መልእክተኛ ፕሮስታግላንዲንም ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያስመርታል ብለውን የለ? ታዲያ ልብ መልእክቱ ከማን እንደመጣ በምን ያውቃል?»

ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችንም ለዓመታት አስጨንቋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘው አርል ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖቤል ሲሸለም፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ እንደ አንድ ከረጢት ውሃ ነበር የሚታሰበው። መልእክተኛው ይመረታል፤ ይሰራጫል፤ የደረሰበትን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከዚያ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሎረንስ ብረንተንና ባልደረቦቹ በጥንቸል ልብ ላይ ያዩት ነገር ይህን ሐሳብ አናጋው። አድሬናሊን መሰሉ አይሶፕሮቴሬኖል ሳይክሊክ ኤኤምፒን ከፍ ያደርጋል፤ ልቡም ይበረታል። ፕሮስታግላንዲን ኢ1 ደግሞ ያንኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ከፍ ያደርጋል፤ ልቡ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞለኪውሉ ያው ነው። ልዩነቱ የት ተመረተ፣ የትኛው ፒኬኤ ጋ ደረሰ የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ ሥራችን አንድ ጥያቄ ነው ያለው፦ ግድግዳ በሌለበት ቦታ መልእክት በሰፈሩ እንዲቀር የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሐሙስ

ዕቃ ተሰበሰበ። ቀይ ጥቅል ጎመን ከቅዳሜ ገበያ። ጀላቲን ፒያሳ ካለ የኬክ ዕቃ መሸጫ። አቼቶ፣ ሶዳ፣ ሲሪንጅና ስትሮ። ትሪ እንዲሆኑን ጠፍጣፋ የመስታወት ሳህኖች ከቤት አመጣሁ።

የቀይ ጎመን ውሃ አሲድ ሲነካው ሮዝ ይሆናል፤ ሶዳ ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በመሃል ሐምራዊ ነው። ከዚህ የተሻለ ርካሽ መለኪያ አላውቅም። ጎመኑን ከትፈን ቀቀልነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ቀለሙ በደንብ እስኪወጣ ትንሽ ታገስን። አጥልለን ጀላቲኑን በትኩሱ አሟሟንበት፤ ወደ ሳህኖቹ ገለበጥንና አቀዘቀዝን።

ስምምነታችን ይህ ነው፦ አቼቶው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው። ጀላቲኑ የሴሉ ውስጠኛ ፈሳሽ ነው። ሴል ውስጡ ውሃ ብቻ ሳይሆን በፕሮቲን የታጨቀ ስለሆነ ጀላቲን መጥፎ ምትክ አይደለም። በስትሮ መሃል ላይ ጉድጓድ በሳንና አቼቶ በሲሪንጅ ጠብ አደረግን። ጉድጓዱ ተቀባዩ ያለበት ቦታ ነው።

ሐሙስ ማታ እስከ ዓርብ ጠዋት

የመጀመሪያው ትሪ ምንም መከላከያ የለበትም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አቼቶው ገባ። 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ሮዙ ከጉድጓዱ ጠርዝ 5 ሚሊሜትር ያህል ወጥቶ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ደርሷል። በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው የሄደው፤ ክብ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ከልጆቹ ጋር ብዙ ቆየን፤ ቁጥሩ ብዙ ነገር ይናገራልና። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አልሆነም፤ አራት እጥፍ ሆነ። ስርጭት እንዲህ ነው፤ ጊዜው የሚያድገው በርቀቱ ስኩዌር ነው። እንግዲህ ወደኋላ እናስላው። 1 ሴንቲሜትር 12 ሰዓት ከፈጀ፣ የልብ ሴል ርዝመት የሆነው 100 ማይክሮሜትር በርቀት 100 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በጊዜ ደግሞ 10,000 ጊዜ። መልሱ 4 ሰከንድ ገደማ ነው። 1 ማይክሮሜትርማ ግማሽ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም!

ክፍሉ ዝም አለ። ትሪው ላይ ኤሊ የሚመስለው ነገር ሴሉ ውስጥ ሲገባ በረራ ነው። ማንም ካላቆመው አንድ ጥግ ላይ የተመረተ ሳይክሊክ ኤኤምፒ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል። እርግጥ እውነተኛው ሴል ውስጥ በየመንገዱ የሚይዙት ፕሮቲኖች ስላሉ ይዘገያል። መዘግየቱ ብቻውን ግን አይበቃም። አጥፊ ያስፈልጋል።

አጥፊዎቹ ፎስፎዳይኤስትሬዝ ይባላሉ፤ ባጭሩ ፒዲኢ። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ቀለበቱን ሰብረው ተራ ኤኤምፒ ያደርጉታል። ልብ ውስጥ ከሚሠሩት ዋናዎቹ ፒዲኢ3 እና ፒዲኢ4 ናቸው። የመማሪያ ሥዕሎች ላይ ብዙ ጊዜ አይታዩም፤ ከታዩም ጥግ ላይ «መልእክቱ ሲያበቃ ያጠፋሉ» ተብለው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሲያበቃ አይደለም የሚሠሩት። መልእክቱ እየተላለፈ ባለበት ሰዓት፣ በየአፍታው፣ የት መድረስ እንዳለበትና የት መድረስ እንደሌለበት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ሰኞ

ሁለተኛው ትሪ። አጥፊ አስገባን። ከጀላቲኑ አንድ ጠባብ ንጣፍ ቆርጠን አወጣንና ሶዳ የተቀላቀለበት ጀላቲን ሞላንበት። ሐሳቡ አቼቶው እዚያ ሲደርስ ሶዳው ይገድለዋል የሚል ነው።

ገደለው። ግን ሌላም ነገር ታየ። ሶዳው ራሱ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከንጣፉ ወጥቶ ወደ ግራና ቀኝ ተሰራጨ። በማግስቱ ሰማያዊው ግማሽ ትሪውን ወስዶታል። ወሰኑ የት እንደሆነ አይለይም።

ይህ ትሪ በጣም ጠቅሞናል። አጥፊ መኖሩ ብቻ ሰፈር አይፈጥርም፤ አጥፊው መታሰር አለበት። ሴሉም ያደረገው ይህንን ነው። ኤካፕ የሚባሉ መልህቅ ፕሮቲኖች አሉ። ፒኬኤን ይዘው የተወሰነ ቦታ ላይ ያስሩታል። አንዱ ካልሲየም ወደ ሴሉ የሚገባበት በር አጠገብ፣ ሌላው ሴሉ ካልሲየም የሚያከማችበት ጎተራ ሽፋን ላይ፣ ሌላው ኒውክለሱ ዙሪያ። የሚገርመው አንዳንዶቹ ፒኬኤውንም ፒዲኢውንም በአንድ ላይ መያዛቸው ነው። ኒውክለስ ሽፋን ላይ ያለው ኤምኤካፕ ከፒኬኤ ጋር ፒዲኢ4ዲ3 የሚባለውን አጥፊ ይዟል። የሚሰማው ጆሮና መልእክቱን የሚያጠፋው እጅ እዚያው ጎን ለጎን ታስረዋል። ፒኬኤው ሲነቃ ያንን ፒዲኢ ራሱን ያበረታዋል፤ ስለዚህ መልእክቱ ራሱን በራሱ ያሳጥራል።

ረቡዕ

የማይሟሟ አጥፊ ስንፈልግ መልሱ እንቁላል ሆኖ ተገኘ። ቅርፊቱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ አሲድ ግን ይበላዋል። ሁዳዴ ሳይገባ መሰብሰብ ነበረብን፤ ከገባ በኋላ ቁርስ ቤቱ ሁሉ ሽሮ ነው። አንዷ ተማሪ ከእናቷ ምግብ ቤት አንድ ፌስታል ሙሉ ቅርፊት ይዛ መጣች። አጠብነው፣ አደረቅነው፣ በሙቀጫ ወቀጥነው፣ በወንፊት ነፋነው። ዱቄቱን ከጀላቲን ጋር አዋህደን ከአቼቶው ጉድጓድ በአንድ በኩል ብቻ ንጣፍ ሠራን።

ያየነውን በቅርብ ልጻፈው። ሮዙ በባዶው በኩል እንደ መጀመሪያው ትሪ ዝም ብሎ ሄደ። በቅርፊቱ በኩል ንጣፉ ጠርዝ ላይ ደርሶ ቆመ። ጠርዙ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ አረፋዎች በመስመር ተደረደሩ፤ ጀላቲኑ ይዟቸው ወደ ላይ መውጣት አልቻሉም። አጉሊ መነጽር አስጠግተን ስናይ ነጭ ቅንጣቶቹ ዙሪያ ቀጭን ሰማያዊ ጥላ አለ። ከንጣፉ ማዶ ጀላቲኑ ያው ሐምራዊ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ተራርቀው አንዱ ቦታ በአሲድ ተሞልቷል፤ ሌላው ምንም አልሰማም። መሃላቸው ግድግዳ የለም።

አረፋው ደግሞ ያላሰብነው ስጦታ ነው። አሲዱ በትክክል የት እየጠፋ እንደሆነ በዓይን ያሳያል።

አንድ ልዩነት ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህም ይጻፍ። ቅርፊቱ አሲድ ባጠፋ ቁጥር ራሱም ያልቃል። ፒዲኢ ኤንዛይም ነው፤ አይጠፋም። አንዱን ሰብሮ ለሌላው ይዘጋጃል። የእኛ ትሪ ውሎ አድሮ ይሸነፋል፤ የሴሉ አጥፊ ግን ተጠብቆ እስካለ ድረስ ይሠራል።

ይህን በእውነተኛ ሴል ውስጥ በዓይን ያዩት ማኑኤላ ዛኮሎና ቱሊዮ ፖዛን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2002። አዲስ ከተወለዱ አይጦች የልብ ሴሎች ወስደው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሲነካው የብርሃን ቀለሙ የሚለወጥ ፕሮቲን አስገቡባቸው። ሴሉን ሲቀሰቅሱት ብርሃኑ በመላው ሴል እኩል አልተለወጠም። በመስመር በመስመር ነው የተለወጠው፤ ጡንቻው የተሰናሰለባቸው ወሰኖች ላይ። ከዚያ ፒዲኢዎቹን በመድኃኒት ዘጉ። መስመሮቹ ጠፉ፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒው በየቦታው ሞላ። የኛን የመጀመሪያ ትሪና የዛሬውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያንን ሙከራ ማየት ነው።

ቅዳሜ

ከኳስ ሜዳው ዳር ተሰበሰብን። ልኬቱን የመረጠችው አንዷ ተማሪ ናት፤ 1 ናኖሜትር 1 ሚሊሜትር ይሁን አለች። በዚህ ልኬት አንድ የልብ ሴል 100 ሜትር ርዝመት አለው። ሜዳውን ከጎል እስከ ጎል ይሞላዋል። ወርዱ 20 ሜትር ያህል ነው። ልጆቹ በኖራ አሰመሩት።

ከዚያ በየ2 ሜትሩ መስመር ጎተትን፤ ሳርኮሜር ማለት ነው፣ ጡንቻው የሚኮማተርበት አንዱ አሃድ። በየመስመሩ ላይ ከውጭው ሽፋን ወደ ውስጥ የሚገባ ቱቦ አለ። ቲ-ቱቦ ይባላል። አፉ በኛ ልኬት 20 ሴንቲሜትር ነው። በቲ-ቱቦው ሽፋንና በካልሲየም ጎተራው መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ 12 ሚሊሜትር። ጣቴን አጋድሜ አሳየኋቸው። መቶ ሜትር በሚረዝም ሴል ውስጥ የልብ ምት የሚጀመረው በዚህች የጣት ውፍረት ክፍተት ነው።

ጡንቻውን የሚያኮማትረው ካልሲየም ከሴሉ ውጭ ከውስጥ ይልቅ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይበዛል። የቲ-ቱቦው በር ሲከፈት ጥቂት ካልሲየም በክፍተቷ ይገባል፤ ማዶ ያለው የጎተራ በር ያንን ቀምሶ ይከፈታል፤ ከጎተራው የሚወጣው ደግሞ እጅግ ይበልጣል። ይህች አንድ ብልጭታ እ.ኤ.አ. በ1993 በቼንግ፣ ሌደረርና ካኔል ታየች፤ «የካልሲየም ብልጭታ» ተባለች። ስፋቷ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ሜዳው ላይ 2 ሜትር የሚሰፋ ክብ አሠመርን። አንድ ሳርኮሜር ያህላል። ሙሉ የልብ ምት ማለት እንዲህ ያሉ ሺህ ብልጭታዎች በአንድ ላይ ሲበሩ ነው።

በመጨረሻ ሳይክሊክ ኤኤምፒውን አስቀመጥን። 1 ሚሊሜትር አይሞላም። አንድ የጤፍ ፍሬ ሜዳው መሃል አኖርን። ልጆቹ አጎንብሰው ፈለጓት።

ቅዳሜ ከሰዓት

ልኳንዳ ቤት። የበግ ልብ።

«መምህር፣ ከነቧንቧው ነው?»

«ቧንቧውን ነው በተለይ የምፈልገው።»

«ኧረ ማንም አይጠይቀውም እሱን። እንካ፣ ይሄ የራሴ ነው፣ ሒሳብ የለውም።»

ከልቡ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ አኦርታውን፣ በመቀስ ሰንጥቀን ከፈትን። ውስጡ ነጣ ያለ፣ እርጥብና ልሙጥ ነው። ቀለበት ቆርጠን ስንስበው ተለጥጦ ይመለሳል። ያንን ልስላሴ የሚሰጠው ኢንዶቴልየም የሚባል አንድ ረድፍ ሴል ነው። በጥጥ ቀስ ብዬ አሸሁት። ለዓይን ምንም አልተለወጠም። ሮበርት ፈርችጎት ግን እ.ኤ.አ. በ1980 በጥንቸል አኦርታ ላይ ያሳየው ይህ ነው፤ ውስጡ ካልታሸ አሲታይልኮሊን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ ሲጨመር ቧንቧው ይላላል፤ ከታሸ አይላላም። ያች አንድ ረድፍ የምትልከው መልእክት ኋላ ላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑ ታወቀ። ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 ኖቤል ተሸለሙበት።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ጋዝ ነው፤ ሽፋን አያግደውም። ታዲያ እንዴት የሰፈር መልእክት ሆነ? የሚያመርተው ኤንዛይም ካቪዮላ በሚባሉ የሽፋን ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣል። ጉድጓዶቹ ከ100 ናኖሜትር አይበልጡም፤ በሜዳችን ልኬት ከቡጢ ያነሱ ናቸው። እዚያ ካቪዮሊን የሚባለው ፕሮቲን አፉን ይዞ ያቆየዋል፤ ካልሲየም ሲመጣ ይለቀዋል። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ሄሞግሎቢን ወዲያው ይይዘዋል። እዚህም ያው ነው፤ አምራቹ የታሰረ፣ አጥፊው አጠገብ። ወደ ጡንቻው የዘለቀው የሳይክሊክ ኤኤምፒ ዘመድ የሆነውን ሳይክሊክ ጂኤምፒን ያስመርታል፤ ቧንቧው ይላላል። ያንን ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚያጠፋው ፒዲኢ5 ነው። ቫያግራ የሚሠራው ይህንን አጥፊ በመዝጋት ነው። መጀመሪያ የታሰበው ለደረት ሕመም ነበር።

ግን እኔን በጣም የያዘኝ የደም ቧንቧው ካልሲየም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ ኔልሰንና ባልደረቦቹ በአይጥ አንጎል ደም ቧንቧዎች ላይ አሳዩት። መላው ሴል ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ ቧንቧው ይኮማተራል፤ ሁላችንም የምናስተምረው ይህንን ነው። ከሽፋኑ ሥር ብቻ አንዲት ብልጭታ ስትበራ ግን ተቃራኒው ይሆናል። ብልጭታዋ አጠገቧ ያለውን ትልቅ የፖታሺየም በር ትከፍታለች። ፖታሺየም ይወጣል፤ የሴሉ ውስጥ ይበልጥ ኔጌቲቭ ይሆናል። በኤሌክትሪክ የሚከፈቱት የካልሲየም በሮች ይዘጋሉ። አጠቃላዩ ካልሲየም ይወርዳል። ቧንቧው ይላላል። አንድ ካልሲየም፣ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ። የለያቸው ቦታ ብቻ ነው።

ይህን ስጨርስ ያ የመጀመሪያውን ጥያቄ ያነሣው ልጅ «እንግዲያው ፕሮስታግላንዲኑም ሳይክሊክ ኤኤምፒውን ያመረተው ሌላ ሰፈር ነዋ!» አለ። ነዋ።

ማክሰኞ

ዛሬ የበሽታ ትሪ ሠራን። ቅርፊቱን በክብ አድርገን አቼቶውን መሃል ላይ አስገባን፤ ቀለበቱ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ተውን። ሮዙ በክፍተቱ ወጥቶ ከቀለበቱ ውጭ ተንጣለለ።

ይህ ከሐሳብ የመጣ አይደለም። በጤነኛ ልብ ሴል ቤታ-2 የሚባለው የአድሬናሊን ተቀባይ የሚገኘው ቲ-ቱቦ ውስጥ ነው፤ መልእክቱም እዚያው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቪያቼስላቭ ኒኮላየቭና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት የደከመ ልብ ሴል ውስጥ ተቀባዩ ከቱቦው ወጥቶ የሴሉ ገጽ ላይም ይገኛል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒውም በመላው ሴል ይሰራጫል። ሞለኪውሉ አልጎደለም፣ ተቀባዩም አልጠፋም። አድራሻው ነው የተበላሸው።

አንዲት ተማሪ «ታዲያ ልቡ ከደከመ ፒዲኢውን ዘግቶ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ማብዛት አይሻልም?» አለች። ተሞክሯል። ሚልሪኖን ፒዲኢ3ን ይዘጋል፤ ልብንም ያበረታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ በታተመ ጥናት በጽኑ የልብ ድካም ከታመሙ 1,088 ሰዎች ገሚሱ ሚልሪኖን በአፍ እንዲወስዱ ተደረገ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ሞት በ28 በመቶ ጨመረ፤ ጥናቱ ቀድሞ ተቋረጠ። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ብሎ መናገር አይቻልም። ትሪው ላይ ግን ሁሉንም ቅርፊት ብናወጣ ምን እንደሚሆን ልጆቹ አይተውታል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች የሚደክሙት አንዱን ሰፈር ብቻ የሚነካ መድኃኒት ለማግኘት ነው፤ ለምሳሌ አንድን ፒዲኢ ከአንድ መልህቅ ላይ ብቻ የሚያላቅቅ።

ሐሙስ

የቀረን ሥራ። የቅርፊቱ ዱቄት ሸካራ ስለሆነ አሲዱ በቅንጣቶቹ መሃል ሾልኮ ያልፋል፤ በሻይ ማጥለያ ድጋሚ ይነፋ። ከሰዓት ፀሐይ ሲያርፍበት ጀላቲኑ ይለሰልሳል፤ ትሪዎቹ ከመስኮት ርቀው መሬት ላይ ይቀመጡ። አንድ ትሪ ላይ ሁለት የአቼቶ ጉድጓድ ይበሳ፤ አንዱ በቅርፊት የታጠረ «አይሶፕሮቴሬኖል»፣ ሌላው በሌላ ጥግ «ፕሮስታግላንዲን» ይባል። በሁለቱ መሃል ጎመኑ ሐምራዊ ሆኖ ከቀረ የልጁ ጥያቄ ትሪ ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ሜዳው ላይ ያለው ኖራ ደግሞ የዓርብ ጨዋታ ሳይጀመር ፎቶ ይነሣ።